ለመንገደኛ መርከብ ባለቤቶችና ለወደብ ጤና ሹማምንት፦ ከመሳፈር በፊት ይጠየቅ ስለ ነበረው ምርመራ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ሆይ፤

በባሕር ላይ መንገደኛ እያንሸራሸራችሁ የምትተዳደሩ የመርከብ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች፥ እንዲሁም ማን እንዲሳፈር ማንስ በየብስ እንዲቀር በጤና ስም ሥርዓት የምትደነግጉ ሹማምንት ሁላችሁ፥ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው። የምጽፍላችሁ በዋሽንግተን ከተማ አካባቢ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ስሆን፥ ጉዳዬም ወደ ባሕር ማዶ ተሻግሮ በመርከብ ለመሳፈር የተነሣ ሰው፥ ከበሽታ ነጻ መሆኑን በምርመራ ወረቀት አስመስክሮ ካልቀረበ በቀር በሩ እንዳይከፈትለት ስላደረጋችሁት ሥርዓት ነው። ነገሩን ለአንድ ኩባንያ በስሙ ጽፌ በግል መላክ እችል ነበር፤ ነገር ግን ጥፋቱ የአንድ ኩባንያ ብቻ ስላልሆነ፥ የቅሬታ ጽሑፍም እንደሚታወቀው «ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን» ከሚል ማንም ሳያነበው ከሚላክ መልስ አልፎ ስለማይሄድ፥ በአደባባይ መጻፉን መረጥሁ።

ከእናንተ መካከል «ያ ሥርዓት እኮ ከተሻረ ቆየ፤ ያለፈውን ለምን ትቆሰቁሳለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። በእርግጥም ወደ አሜሪካ በአውሮፕላን የሚገባ መንገደኛ የኮቪድ ምርመራ እንዲያቀርብ ያስገድድ የነበረው ትእዛዝ እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2022 ቀርቷል፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም ለሽርሽር መርከቦች አቋቁሞት የነበረውን የኮቪድ መርሐ ግብር በዚያው ዓመት ጁላይ 18 ቀን ዘግቶታል። ዳሩ ግን በወረርሽኝ መካከል የተደነገገ ሕግ ጸሐፊው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃትም ከባዱን ነገር እንጂ ጥቃቅኑን ለማየት ትዕግሥት የለውም። ሥርዓትን መርምሮ ለማቃናት የሚመቸው ወደቡ ጸጥ ባለበት፥ ሹሙም ነጋዴውም እንቅልፉን ጠግቦ በሚያድርበት በዚህ ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አባል መንግሥታት ዓለም አቀፉን የጤና ደንብ በጁን 2024 ያሻሻሉት፥ በማግሥቱ ዓመት በሜይ ወር ደግሞ ስለ ወረርሽኝ የተዘጋጀውን ስምምነት ያጸደቁት ይህንኑ ተረድተው ይመስለኛል። መንግሥታቱ የሚሉትን ካሉ፥ ከመንገደኛው ወገን የሚባለውን ደግሞ እኔ ልጨምር።

አስቀድሜ ግን ምርመራውን ራሱን የምነቅፍ ሰው እንዳልሆንሁ ይታወቅልኝ። መርከብ ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድ አዳራሽ እየበሉ፥ በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ሰባትና ዐሥር ቀን አብረው የሚያድሩበት፥ ሐኪሙም መድኃኒቱም በልክ የተሰፈረበት፥ ሰው ሲታመም «ወራጅ አለ!» ተብሎ የማይወረድበት ስፍራ ነው። «ዳይመንድ ፕሪንሰስ» የተባለችው መርከብ በፌብሩዋሪ 2020 መጀመሪያ በጃፓን አገር ዮኮሃማ ወደብ ላይ ስትቆም፥ መንገደኛውና ሠራተኛው ተደምሮ 3,711 ነፍስ ይዛ ነበር፤ ጃንዩዋሪ 25 ቀን ሆንግ ኮንግ ላይ የወረደ አንድ መንገደኛ በበሽታው መያዙ ከታወቀ በኋላ በተደረገው ምርመራ፥ በመጨረሻ የተያዙት 712 መሆናቸው ተረጋገጠ፥ ከዐሥር የሚበልጡትም ሞቱ። መንገደኞቹ በየክፍላቸው ተዘግተው ሲቀመጡ፥ ሠራተኞቹ ግን ምግብ እያበሰሉና ለየበሩ እያደረሱ፥ ማታም በጠባብ ክፍል ተደራርበው እያደሩ ስለ ነበር፥ በሽታው በእነርሱ መካከል መመላለሱን አልተወም። ይህን የማነሣው ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ ነው። ለሽርሽር የወጣው ሰው ቢታመም የሚቀርበት ዕረፍቱ ነው፤ ከፊሊፒንስና ከሕንድ መጥቶ ሳህን የሚያጥበውና አልጋ የሚያነጥፈው ሠራተኛ ግን የሚታመመው ለቤተ ሰቡ እንጀራ ሊያወጣ በተቀመጠበት ቦታ ስለ ሆነ፥ ለእርሱ ስል ብቻ እንኳ አፍንጫዬን ለመርማሪው ከመስጠት አልቦዝንም።

በዚያው ዓመት ማርች 19 ቀን «ሩቢ ፕሪንሰስ» ወደ ሲድኒ ገብታ፥ በመርከቢቱ ላይ ከሕሙማን የተወሰደው ናሙና ውጤቱ ሳይታወቅ ከ2,600 በላይ መንገደኞች ወደ ከተማው እንዲወርዱ ተፈቀደ፤ ከእርሷ ጋር በተያያዘ 28 ሰዎች ሞቱ። ጉዳዩን የመረመረው ልዩ ኮሚሽን በኦገስት ባወጣው ሐተታ፥ የጤና ሹማምንቱ ከባድ ስሕተት እንደ ሠሩና ናሙናው ወዲያው መመርመር ይገባው እንደ ነበር ገለጸ። ልብ በሉልኝ፤ ኮሚሽኑ ጥፋቱን የጣለው በመንገደኛው ላይ አይደለም።

መንገደኛን መርምሮና ለይቶ የማቆየት ጥበብ ዛሬ የተገኘ አይደለም። የራጉዛ ከተማ፥ ማለት ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው፥ ከቸነፈር አገር የመጣ ሁሉ ወደ ከተማይቱ ሳይገባ በፊት አንድ ወር በውጭ እንዲቆይ የደነገገችው በ1377 ነው፤ ቬኒስም በ1423 ሕሙማንን የምትለይበት ቤት በደሴት ላይ አቁማለች። ከዚያ በፊት ደግሞ፥ ከሁሉ አስቀድሞ፥ ኦሪት ዘሌዋውያን በዐሥራ ሦስተኛውና በዐሥራ አራተኛው ምዕራፍ ስለ ለምጽ የሠራችው ሥርዓት አለ። ካህኑ የሰውዬውን ቆዳ ያያል፥ ነገሩ ካልለየለት ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል፥ በሰባተኛው ቀን እንደገና ያየዋል፥ ያም ካልበቃ ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። ከዚህ ይልቅ እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ግን ሁለት ነገር ነው፤ በሽተኛው መንጻቱን ለማየት ከሰፈር ወደ ውጭ የሚወጣው ካህኑ ነው እንጂ በሽተኛው ምስክር ፍለጋ ወደ ሰፈር እየገባ ደጅ አይጠናም፤ ለመንጻቱም የሚቀርበው መሥዋዕት ሰውዬው ድሀ ቢሆን ከሦስት በግ ወደ አንድ በግና ወደ ሁለት ዋኖስ ወይም ርግብ ይቀነስለታል። እኛ ኢትዮጵያውያንም ወረርሽኝ ምን እንደ ሆነ የሚነግረን አያስፈልገንም፤ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የፈጀውን በሽታ «የኅዳር በሽታ» ብለን ስም አውጥተንለት፥ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያነደድን ከተማውን ስናጥን እንውላለን።

እንግዲህ መመርመር ደግ ከሆነ ቅሬታዬ ምንድን ነው? ቅሬታዬ ሸክሙን በማን ላይ እንደ ጫናችሁት ነው። ምርመራው የሚደረገው መርከቡን ለመጠበቅ፥ የመርከቡንም ንግድ ለማቆየት ሲሆን፥ ሐኪም የሚፈልገው መንገደኛው፥ ዋጋ የሚከፍለው መንገደኛው፥ ሰዓቱን የሚቈጥረው መንገደኛው፥ በወረቀቱ ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት የሚቀጣውም መንገደኛው ሆኖ ተገኘ።

ይህን በምሳሌ ላስረዳ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም.፥ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2021 መሆኑ ነው፥ ከአንድ ደብር የሆንን ጥቂት ምእመናን ከአቴና ወደብ ከፒሬዎስ በመርከብ ተነሥተን የግሪክን ደሴቶች ልናይ፥ ከሁሉም በላይ ወንጌላዊው ዮሐንስ ራእዩን ያየባትን የፍጥሞን ደሴት ልንሳለም ተነሣን። በፍጥሞ ራእዩ የታየበት ዋሻና በ1088 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ስላሉ፥ ለኛ ጉዞው ሽርሽር ብቻ አልነበረም። የመርከቡን ዋጋ ከዓመት በፊት ከፍለን ነበር። መነሻችን ሲቀርብ ግን አንድ ሥርዓት ሳይሆን አራት ሥርዓት እንደ ተጣለብን ተረዳን፤ አውሮፕላኑ የራሱን ይጠይቃል፥ የግሪክ መንግሥት የመንገደኛ መመዝገቢያ ቅጽና የክትባት ወረቀት ይጠይቃል፥ መርከቡ ደግሞ ከመሳፈር በፊት አዲስ ምርመራ ይጠይቃል፥ ወደ አሜሪካ ለመመለስም ሌላ ምርመራ አለ። ከእነዚህ አንዱ በቀን ይቈጥራል፥ ሌላው በሰዓት ይቈጥራል፤ አንዱ የፒሲአር ውጤት ካልሆነ አይቀበልም፥ ሌላው በሩብ ሰዓት የሚደርሰውን የአንቲጂን ምርመራ ይቀበላል።

በቀንና በሰዓት መቍጠር ቀላል ልዩነት እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካው ትእዛዝ ወደ አገሩ ለሚበር ሰው «ከበረራው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት» ሲል፥ ናሙናው ጠዋት ቢሰጥ ማታ፥ አውሮፕላኑ በቀን ቢነሣ በሌሊት ነገር አልነበረውም፤ ሆን ተብሎ እንዲህ ተጽፏል፥ የጻፈውም ሰው አስቦበታል እላለሁ። በሰዓት የሚቈጥረው ግን «ከመሳፈር በፊት 48 ሰዓት» ብሎ ሲያበቃ፥ ሰዓቱ የሚጀምረው ናሙናው ከተወሰደበት ነው ወይስ ውጤቱ ከታተመበት? የሚያበቃውስ በሩ ጋ ስንደርስ ነው ወይስ መርከቡ መልሕቁን ሲነቅል? ብሎ የሚጠይቀው አይወድም። እኛ ጠይቀን ከጉዞ ወኪላችን አንድ መልስ፥ ከኩባንያው ስልክ አንሺ ሌላ መልስ ሰማን።

በዚህ ላይ መርከቡ የሚነሣው ኦክቶበር 29 ቀን ነበር። የዚህ ዋዜማ ግሪኮች በ1940 የሙሶሊኒን ትእዛዝ እንቢ ያሉበትን ቀን የሚያከብሩበት ብሔራዊ በዓል ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ልብ ደስ የሚያሰኝ በዓል ነው፥ ግን አብዛኛው ቤተ ሙከራ ዝግ ሆኖ ይውላል። መርከብ የሚያሰማራ ኩባንያ የወደቡን አገር በዓላት ያውቃል ተብሎ ይታሰባል፤ ካወቀ ደግሞ መንገደኞቹን በዝግ ከተማ ውስጥ ሐኪም ፈልጉ ብሎ መልቀቁ ምን ይባላል? ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚበዙበት ማኅበር፥ ቋንቋውን በማያውቀው ከተማ፥ ባንዲራ በያዘው ሰልፈኛ መካከል እያለፈ፥ በመጨረሻ ከተለመደው ዋጋ በላይ በሚያስከፍል አንድ ክፍት ቤት ተመረመረ።

የሁላችንም ውጤት ነጻ ሆኖ ሳለ፥ ከመካከላችን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በመርከቡ በር ቀሩ። ምክንያቱም ይህ ነው። እንደምታውቁት፥ ወይም ልታውቁ እንደሚገባችሁ፥ እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ሰው በስሙ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። በእናታችን ፓስፖርት ሦስቱም ስም ተጽፏል፤ የቤተ ሙከራው ጸሐፊ ግን አያታቸውን ትቶ አባታቸውን የቤተ ሰብ ስም አደረገው። ሜሪላንድ የተሰጣቸው የክትባት ካርድ ደግሞ የገዛ ስማቸውን በአንድ የላቲን ፊደል ለውጦ ጽፎታል፥ የልደታቸውንም ቀን እንደ አሜሪካ ልማድ ወሩን ከቀኑ አስቀድሞ አስፍሮታል፤ አቴና ላይ የተጻፈው ቀኑን ያስቀድማል። በሩ ላይ የቆመው ወጣት ሦስቱን ወረቀት አስተያየና «የሦስት ሰው ነው» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚጠይቀው አለቃ በአጠገቡ አልነበረም፥ ወረቀት የማረም ሥልጣንም አልተሰጠውም። ቤተ ሙከራው ስሙን አርሞ በስልክ የላከው መርከቡ ከወደቡ ከወጣ በኋላ ነው። ዓለም ሁሉ ጤነኛ ናቸው ብሎ የመሰከረላቸው ሴት ወደ ፍጥሞ ሳይሄዱ ቀሩ፤ ኩባንያውም የጤና ሰነዱን አሟልቶ ማቅረብ የመንገደኛው ግዴታ እንደ ሆነ በቲኬቱ ጀርባ ተጽፏል በማለት ከከፈሉት አንዳች አልመለሰላቸውም።

እዚህ ላይ የነገሩ ሥር ወደ ሆነው እመጣለሁ፥ ታገሡኝ። በ2005 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ በአንቀጽ 40 አንድ ትልቅ ነገር ይላል፤ ይኸውም ለቋሚም ሆነ ለጊዜያዊ መኖሪያ የመጣ ካልሆነ በቀር፥ መንግሥት መንገደኛው በጤና መሆኑን ለማወቅ ስለሚያደርገው ምርመራ ዋጋ እንዳያስከፍለው፥ ተለይቶ እንዲቀመጥ ስለ መደረጉም እንዳያስከፍለው ነው። በአንቀጽ 32 ደግሞ መንገደኛው በክብር እንዲያዝ፥ ጾታው፥ ባህሉና ሃይማኖቱ እንዲታሰብለት፥ ተለይቶ ሲቀመጥ ምግብና ውሃ፥ ማደሪያም፥ ቢቻል በሚገባው ቋንቋ የሚነጋገርበት መንገድ እንዲሰጠው ያዛል። ይህን የጻፉት ሰዎች የተማሩበት ብዙ የወደብ ታሪክ ነበራቸው፤ ከ1851 የፓሪስ ጉባኤ ጀምሮ መንግሥታት በዚህ ነገር ሲከራከሩ ኖረዋል፥ በቀይ ባሕርም ላይ የመካ ተሳላሚዎች በከማራን ደሴት ሲታገዱ የሚደርስባቸው ሁሉ ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ደንቡ የሚያስረው መንግሥትን ነው። በኮቪድ ዘመን የሆነው ግን፥ በወደቡ ላይ የቆመ የመንግሥት ሐኪም መመርመሩ ቀርቶ፥ ምርመራው የቲኬት ውል ክፍል ሆነ፤ ሹሙ ለኩባንያው አዘዘ፥ ኩባንያው ለመንገደኛው አዘዘ፥ መንገደኛው ደግሞ ወደ ግል ቤተ ሙከራ ተላከ። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፥ አንቀጽ 40 እና አንቀጽ 32 የሰጡት መከታ በመካከል ወድቆ ጠፋ። የጤና ሹማምንት ሆይ፥ ዋናው ክሴ በእናንተ ላይ ነው፤ ራሳችሁ ብታደርጉት በነጻ ልታደርጉት የሚገባችሁን ነገር፥ በነጋዴ አፍ ስታናግሩት በዋጋ እንዲሆን ፈቅዳችኋልና።

«ሌላ መንገድ አልነበረም» እንዳትሉኝ ደግሞ፥ ነበረ። ኤምኤስሲ የተባለው ኩባንያ «ግራንዲዮሳ» የተባለችውን መርከቡን በኦገስት 16 ቀን 2020 ከጄኖዋ ሲያስነሣ፥ መንገደኛውን ሁሉ በወደቡ አዳራሽ ውስጥ ራሱ አስመርምሮ ነው ያሳፈረው። ይህ የሆነው ወረርሽኙ ገና በዓመቱ ሳለ፥ ክትባትም ባልነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ፥ ወደ አሜሪካ ለሚመለሱት መንገደኞች የመመለሻውን ምርመራ በጉዞው መጨረሻ በመርከቡ ላይ የሚያደርጉ ኩባንያዎች በረከቱ። ለመውረጃው መመርመር የቻለ ሐኪም ለመሳፈሪያው መመርመር የሚያቅተው በምን ምክንያት ነው? የሥራውን ጣጣ አላቃልልም፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው መመርመር ሰውም ቦታም ይፈልጋል። ግን ለምግብ፥ ለዘፈንና ለቁማር አዳራሽ ቦታ የሚያዘጋጅ ድርጅት፥ ለዚህ ጥቂት ድንኳን ቢተክል አይከስርም።

ከሁሉ የሚከብደውን እስካሁን አልተናገርሁም። በቤተ ሙከራ «ፖዘቲቭ» የተባለ ሰው ምን ይሁን? ከማኅበራችን ባይሆንም በዚያው ሆቴል የነበሩ አንድ ሰው፥ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ታመው የዳኑ፥ በፒሲአር ተመርምረው በሽታው ተገኘባቸው። ፒሲአር የሞተውን ቫይረስ ቁራጭ ሳይቀር ስለሚያሳይ፥ ሰው ከዳነ በኋላ እስከ ሦስት ወር ድረስ እንዲህ ሊል እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ፤ የአሜሪካም ትእዛዝ በ90 ቀን ውስጥ መያዙን የሚያሳይ ውጤትና የሐኪም የመዳን ደብዳቤ ላቀረበ ሰው መንገዱን ክፍት አድርጎለት ነበር። ሰውዬው ደብዳቤው እንደሚያስፈልጋቸው የነገራቸው አልነበረምና ሻንጣቸውን እንደ ያዙ በራሳቸው ወጪ በክፍላቸው ተዘጉ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላው ነው፤ በሌላው ክፍል የሚያስለው፥ ጉሮሮው የሚከረክረው፥ ገና ያልተመረመረው ሰው የእኚህን ሰው ዕጣ ባየ ጊዜ ምን ያስባል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን እኛ፤ እናንተ ግን በሽታውን የገለጠ ገንዘብ እንዳይኖረው የሚያደርግ ሥርዓት ሠራችሁ። እውነት የተናገረ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን የሚያጣ ከሆነ፥ ዝም ያለው ደግሞ ፍጥሞን የሚሳለም ከሆነ፥ ሥርዓቱ ሰውን ሁሉ ሐሰተኛ እንዲሆን ይለምነዋል ማለት ነው። አልቀረምም፤ በኖቬምበር 2020 በፓሪስ ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ የሐሰት የምርመራ ወረቀት የሚሸጡ ሰዎች ተያዙ፥ በፌብሩዋሪ 2021 ደግሞ የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል ይህ ንግድ እየተስፋፋ መሆኑን አስጠነቀቀ። ወንጀለኛውን ማሰር ተገቢ ነው፤ ገበያውን የከፈተለት ግን እውነት በተናገረው መንገደኛ ላይ የጫናችሁት ቅጣት ነው።

ምርመራ ራሱስ ምሉእ ምስክር ነው? አይደለም። ዛሬ የተያዘ ሰው ዛሬ ቢመረመር ላይታይበት ይችላል፤ በ2021 መጨረሻ ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ በመጣ ጊዜ የተከተቡና የተመረመሩ መንገደኞችን ብቻ በጫኑት መርከቦች ላይ በሽታው እንዲህ ተስፋፍቶ ነበርና፥ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በዲሴምበር 30 ቀን የማስጠንቀቂያውን ደረጃ ወደ መጨረሻው ወደ አራተኛው ከፍ አደረገው። በሩ ላይ ወረቀት የሚያገላብጠው ወጣት መርከቡን ሊያድነው የሚችለው በጥቂቱ ብቻ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። የሚበልጠው ጠባቂ፥ በሦስተኛው ቀን ሙቀት የተሰማው ሰው ሳይፈራ ወደ መርከቡ ሐኪም መሄዱ ነው፤ እርሱም የሚሄደው በዚያው በመጀመሪያው በር ላይ በእውነቱ ያልተቀጣ እንደ ሆነ ነው።

ሥርዓት በደንብ ሲበጅ ምን እንደሚመስል ከፈለጋችሁ፥ የቢጫ ወባን ክትባት ወረቀት ተመልከቱ። እኛ ከኢትዮጵያ የምንነሣ ሰዎች «ቢጫ ካርድ» የምንለውን ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ በዓለም ሁሉ መልኩ አንድ ነው፥ ከተከተቡ ከዐሥር ቀን በኋላ እንደሚጸና ሁሉም ያውቃል፥ ከጁላይ 2016 ጀምሮ ደግሞ ዘመኑ የሰውዬው ዕድሜ ልክ ሆኗል። ሰዓት የሚቈጥርበት፥ በየኩባንያው የሚተረጐምበት ነገር የለም። የምርመራ ወረቀት እንደ ክትባት ዘላቂ ሊሆን እንደማይችል አላጣሁትም፤ መልኩ አንድ መሆን፥ አቈጣጠሩም በግልጽ መጻፍ ግን ይችላል።

ስለዚህ ኩባንያዎች ሆይ፥ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ዘመን ቢመጣ ምርመራውን በወደባችሁ አድርጉት፥ ዋጋውንም ከቲኬቱ ጋር አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ተደብቆ ከሚመጣ ወጪ የታወቀ ጭማሪ ይሻለናል። በሽታ የተገኘበትን ሰው የከፈለውን ሙሉውን መልሱለት፤ በሚቀጥለው ዓመት ልትጓዝበት ትችላለህ የሚል ወረቀት ለሰባ ዓመት ሰው ክፍያ አይደለም። ሕመሙ እስኪያልፍ የሚያድርበትንም አልጋ ፈልጉለት። በሩ ላይ ስም ተሳስቶ ቢገኝ ወደ ቤተ ሙከራው ደውሎ የሚያጣራ፥ አጣርቶም የሚፈቅድ ሥልጣን ያለው አንድ ሰው አስቀምጡ። የእኛ ስም አጻጻፍ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተለየ ችግር እንዳይመስላችሁ፤ ዐረቡም፥ የደቡብ ሕንዱም ሰው፥ ስፔናዊውም በሁለት የቤተ ሰብ ስሙ በዚያው በር ላይ ይቆማሉ። ሹማምንትም፥ ለኩባንያዎች ትእዛዝ ስትሰጡ አንቀጽ 40ን በትእዛዙ ውስጥ ጻፉት፤ መንግሥት ሊያስከፍል ያልተፈቀደለትን ነገር፥ በመንግሥት ትእዛዝ የሚሠራ ነጋዴም እንዳያስከፍል ከልክሉ።

ይህን የምታነቡ የአገሬ ልጆችም፥ ለእናንተ ጥቂት ቃል አለኝ። የመርከብ ጉዞ ስትገዙ የጤና ሰነድ ባይሟላ ገንዘቡ ይመለስ እንደ ሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፥ በቃል የተነገራችሁን አትመኑ። የክትባት ካርዳችሁን፥ ቲኬታችሁንና ፓስፖርታችሁን ከመነሣታችሁ በፊት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስማችሁ በፊደል ሁሉ አንድ መሆኑን እዩ፤ ወላጆቻችሁን የምትልኩ ከሆነ ይህን እናንተ አድርጉላቸው፥ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ስማቸውን እንዲያመሳክሩ ለእነርሱ አትተዉ። ወደ በዓል ቀን በሚጠጋ መነሻ ላይ የምትጓዙ ከሆነ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ድረሱ። የሐሰት ወረቀት ግን፥ ምንም ያህል ሥርዓቱ ቢያማርራችሁ፥ አትግዙ፤ በመርከቡ ሥር በጠባብ ክፍል የሚያድረው ሠራተኛ ምንም አልበደላችሁምና።

እንግዲህ ክቡራን፥ መልሳችሁን እንደ እኔው በአደባባይ እንድትሰጡ እጠይቃለሁ። ሁሉን በአንድ ቀን አስተካክሉ አልልም፤ መጀመሪያ ግን ጤነኛ ሆነው ሳለ በወረቀት ስሕተት በበሩ ላይ ያስቀራችኋቸውን መንገደኞች ከመዝገባችሁ ፈልጋችሁ፥ ገንዘባቸውን መልሱላቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር መንገደኛ